የኮሌጅ ላይብረሪ በጀት ምን ላይ ቢውል ነው ትምህርቱን ሚያሻሽለው?

ሪፈረንስ_ዴስክ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁ ነኝ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ ሪፈረንስ ክፍል ምሰራ። ዘንድሮ በጀታችን ላይ ትንሽ ጭማሪ አገኘን እና ምን ላይ እናውለው ሚለው ላይ መስማማት አቃተን፣ ግማሹ አንድ ትልቅ የጆርናል ዳታቤዝ ሰብስክራይብ እናድርግ ይላል ግማሹ የለም ቴክስትቡክ ኮፒ ይጨመር ይላል። እኔን ሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያለንን እንኳ ተማሪው አይነካውም! ሴሚስተር ሲጀመር ኦሪየንቴሽን እንሰጣለን፣ አንድ ሰአት ሙሉ ካታሎግ እንዴት እንደሚፈለግ እናሳያለን፣ ከዛ በኋላ ተማሪው ሚመጣው ወንበርና ፀጥታ ፈልጎ ነው፣ የራሱን ሃንድአውት ይዞ ገብቶ እሱኑ ይዞ ይወጣል። መምህሩ ስላይድ ይሰጣል፣ ፈተናውም ከስላይዱ ነው ሚወጣው፣ ታዲያ ልጁ ምን ብሎ መፅሐፍ ይክፈት? አልፈርድበትም።

እና ጥያቄዬ፣ ማስተማሩንም መማሩንም በእውነት ያገዘላችሁ ሪሶርስ የቱ ነው? በነፃ ሚገኝም ቢሆን። ከመምህራን ጋርስ እንዴት ነው ምትሰሩት?

መደርደሪያ

እህቴ፣ እኛም እዚሁ ቦታ ላይ ነበርን። ዳታቤዙንም ቴክስትቡኩንም ለጊዜው አቆዩትና መጀመሪያ ከየዲፓርትመንቱ ኮርስ አውትላይን ሰብስቡ። እኛ የአንደኛ አመት ኮርሶችን ብቻ ወስደን መምህሩ ዋና መፅሐፍ ብሎ የፃፈውን ከሼልፋችን ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው፣ ብዙው የለንም፣ ያለውም የድሮ እትም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ መታተም ራሱ አቁሟል። ለአመታት መፅሐፍ ስንገዛ አውትላይኑን ያየ ሰው አልነበረም ማለት ነው፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዛ ክፍተቱን በነፃ መፅሐፍ ሞላነው። ኦፐንስታክስን አይተሽው ከሆነ በፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሚያወጣው ነፃ ቴክስትቡክ ነው፣ ፊዚክስ ባዮሎጂ ስታቲስቲክስ ኢኮኖሚክስ ሳይኮሎጂ፣ የመጀመሪያ አመታት ኮርሶች ላይ በጣም ጠንካራ ነው፣ ፒዲኤፉን አውርደሽ ለሁሉም ማደል ትችያለሽ። ኦፐን ቴክስትቡክ ላይብረሪ ሚባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ደስ ሚለው ነገር መምህራን የፃፉት ግምገማ መፅሐፉ ስር መኖሩ ነው፣ መምህርን ለማሳመን ከኔ ወሬ የሌላ መምህር ግምገማ ይበልጣል። ከፍ ላለው አመት ዶአብ አለ፣ በባለሙያ የተገመገሙ ነፃ የአካዳሚክ መፃህፍት ማውጫ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ ላይሰንሱን እዪ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ማለት ደራሲው ሌሎች ስራውን እንዲጠቀሙበት ሚፈቅድበት ላይሰንስ ነው፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም፣ ሲሲ ባይ ከሆነ ምንጩን ጠቅሰሽ ቆርጠሽ ቀጥለሽ ትጠቀሚያለሽ፣ ኤንዲ ሚል ካለበት ግን እንዳለ ነው ምታካፍይው፣ ምእራፍ አውጥተሽ ቀይረሽ ማሰራጨት አይቻልም። መምህራን ይሄን አያውቁትም፣ ይሄ የላይብረሪያን ስራ ነው።

የፊዚክስ_መምህር

እኔ ከመምህራን ወገን ነኝ። ያልሽው እውነት ነው፣ እኔም ለብዙ ጊዜ ስላይድ ሰጥቼ ከስላይድ ነበር ምፈትነው እና ተማሪ አያነብም ብዬ አማርር ነበር፣ ችግሩ ያለው አሳይመንቴ ላይ እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ያስፋፋው ፒር ኢንስትራክሽን ሚባል መንገድ አለ፣ ተማሪው ከክላስ በፊት አንብቦ ይመጣል፣ ክላስ ውስጥ አንድ ሃሳብ ሚፈትን ጥያቄ ትሰጪዋለሽ፣ ለብቻው መልስ ይመርጣል፣ ከዛ ከጎኑ ካለው ጋር ተከራክሮ እንደገና ይመርጣል። ሲያዩት ቀላል ነው ግን አንብቦ ካልመጣ አይሰራም፣ መፅሐፉ ደግሞ ላይብረሪ ውስጥ 3 ኮፒ ብቻ ካለ ማን አንብቦ ይመጣል? ነፃው መፅሐፍ እዚህ ጋር ነው የደረሰልኝ፣ መፅሐፍ አጣሁ ሚል ሰው ጠፋ። ላብ ለሌለው ነገር ፌት ሚባለው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽን (ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ ሚያሳይ) አለ፣ እሱም ነፃ ነው።

ሌክቸር ብቻ ይበቃል ለሚል ሰው፣ በፈረንጆቹ 2014 የወጣ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ስራ አለ፣ በሳይንስ በኢንጂነሪንግና በሂሳብ ኮርሶች ሌክቸር ብቻ ሲሆን ሚወድቀው ተማሪ በአማካይ 33.8 በመቶ፣ ተማሪው ራሱ በሚሳተፍበት ክላስ 21.8 በመቶ ነው። ይቺን ቁጥር ለዲፓርትመንታችሁ አሳዩአቸው።

ሁለተኛ፣ አሳይመንቱን ከላይብረሪያን ጋር ሆኜ ነው የሰራሁት። በአንድ ጉዳይ ላይ የማይስማሙ ሁለት ምንጮች አምጡ አልናቸው፣ ከዛ ደግሞ መጀመሪያ በምን ቃል ፈለጋችሁ፣ ለምን ቀየራችሁት ሚለውን በአንድ ፓራግራፍ ይፅፋሉ። ላይብረሪያኗ ክላስ የመጣችው አሳይመንቱ በተሰጠ ሳምንት ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ በኦሪየንቴሽን ጊዜ ሚያዛጋው ልጅ እሷ ስትወጣ ተከትሏት ይጠይቅ ነበር፣ ምክንያቱም አሁን ጥያቄ አለው።

መደርደሪያ

@የፊዚክስ_መምህር እጅህን ይባርከው። ያቺ ፓራግራፍ ትልቅ ነገር ናት። የአሜሪካው የኮሌጅና የምርምር ላይብረሪዎች ማህበር ኤሲአርኤል ስለ መረጃ ፍለጋና አጠቃቀም በፈረንጆቹ 2016 ያፀደቀው ፍሬምወርክ ካሉት 6 ሃሳቦች አንዱ እኮ ይሄው ነው፣ ፍለጋ ማለት አንዴ ፅፎ መጨረስ ሳይሆን እያዩ አቅጣጫ መቀየር ነው ሚለው።

ጆርናል_ቤት

እኔ ግን ጆርናሉም እንዳይረሳ እላለሁ ወገን፣ የመጨረሻ አመት ፕሮጀክት ሚሰራና ማስተርስ ያለ ተማሪ በቴክስትቡክ ብቻ የትም አይደርስም። ብቻ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሪሰርች ፎር ላይፍ ሚባለው ጆርናልና መፅሐፍ ሚያቀርብ ፕሮግራም ይገባችሁ እንደሆነ እዩ። በፈረንጆቹ 2002 በአለም ጤና ድርጅት በኩል በተከፈተው ሂናሪ ሚባል የጤና ክፍሉ ነው የጀመረው፣ አሁን ግብርናውን አካባቢውን ቴክኖሎጂውን ህጉን ሁሉ ይይዛል፣ አንዳንድ አገር ያሉ ተቋማት በነፃ ሌሎቹ በትንሽ ክፍያ ይገባሉ፣ ሚመዘገበው ተቋሙ ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። ዶአጅ በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ ያለ የነፃ ጆርናሎች ማውጫ ነው። አንፔይዎል ደግሞ ብራውዘር ላይ ሚጫን ነው፣ ክፈል ያለሽ ፅሁፍ ሌላ ቦታ በህጋዊ መንገድ በነፃ ተቀምጦ ከሆነ ያገኝልሻል።

ያም ሆኖ ሰብስክራይብ ካደረጋችሁ መጀመሪያ ትራያል (የሙከራ ጊዜ) ጠይቁ፣ በሴሚስተሩ መሃል ይሁን፣ እረፍት ላይ ከሆነ ማንም አይከፍተውም። ካውንተር በሚባለው ስታንዳርድ የተሰራ የአጠቃቀም ሪፖርት ስጡን በሉ፣ አመታዊ ክፍያውን ለተከፈተው ፅሁፍ ብዛት አካፍሉት፣ አንዱ ፅሁፍ ስንት እንዳስወጣችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተማሪ ፈልጎ የተከለከለበትንም ሪፖርቱ ይቆጥራል እና ቀጥሎ ምን እንደሚገዛ እሱ ይነግራችኋል።

ኦፍላይን

ኢንተርኔት ደካማ ለሆነበት ሰው፣ ኪዊክስ ሚባል ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ሙሉውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፣ ከነፃ መፃህፍቱ ጋር አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ በላይብረሪው ዋይፋይ ልቀቁት። ተማሪው በስልኩ ይከፍተዋል።

ሪፈረንስ_ዴስክ

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። አውትላይኑን ነገ ጀምሬ እሰበስባለሁ፣ በጀቱንም እሱ ሳያልቅ አንነካውም ብዬ ልከራከር ነው። @መደርደሪያ አንድ ነገር ብቻ፣ ስታስተያዩ ምን ምን መዘገባችሁ? መምህራኑስ እሺ አሉ ወይስ በዲን በኩል አስገደዳችሁ?

መደርደሪያ

ማስገደድ አያዋጣም። ሁለት መምህር ነው የጀመርነው፣ ላይብረሪ ሚመላለሱትን፣ ሌሎቹ የነሱ ተማሪ ፅሁፍ ሲሻሻል አይተው ነው የመጡት። ኤክሴሉ ላይ የኮርሱ ስም፣ የተማሪው ብዛት፣ ዋናው መፅሐፍና እትሙ፣ ሼልፍ ላይ ያለን ኮፒ፣ ሊተካው ሚችል ነፃ መፅሐፍና ላይሰንሱ። መጨረሻ ላይ አንድ አምድ ጨምሪ፣ ኮርሱ ላይ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ሚሰራው አሳይመንት አለው ወይስ የለውም ሚል። የለውም ካለ ለዛ ኮርስ ገና ምንም አትግዢ፣ ቀድመሽ መምህሩን አናግሪ።