ካሜራው ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው የምጽፈው። ለግቢው በር የገዛሁት የዋይፋይ ካሜራ ሦስት ቀን ሙሉ አንገላታኝ። አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ፣ ኪውአር ኮዱን አሳየሁት፤ ጢጥ ይልና ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። ፓስዋርዱ ትክክል ነው። የሪሴት ቁልፉንም በመርፌ ተጭኜ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። ርቀት ነው እንዳልል፣ ራውተሩ አጠገብ አምጥቼውም ያው ነው። (እናቴማ «ውሻ ብታሳድግ ይሻልህ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች።)

ካርቶኑ ላይ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው ይላል፤ ራውተሬ ግን 2.4ንም 5ንም በአንድ ስም ነው የሚለቀው። ችግሩ እሱ ይሆን? ለይቼ ሌላ ስም ልስጣቸው ብዬ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈትኩ፣ የቱ ጋ እንደሚለወጥ ግን ጠፋኝ። ስሙን ብለውጥ የቤቱ ስልክ ሁሉ እንደገና ፓስዋርድ ይጠይቃል ወይ?