ካሎሪ መቁጠር አቁሜያለሁ፤ ክብደቴ እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 41፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው። በ14 ወር ውስጥ ከ78 ኪሎ ወደ 67 የወረድኩት የበላሁትን ሁሉ ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ ነው። ሙያዬ ሂሳብ ስለሆነ ቁጥር አይከብደኝም፤ ማታ ማታ የቀኑን ድምር መዝጋት እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ያቆምኩት ከ3 ወር በፊት ነው። የ8 ዓመቷ ልጄ ሙዝ ልጣ ልትጎርስ ስትል ቆም አለችና «እማዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለችኝ። ዋጋውን የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ካሎሪውን ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ መመዝገቢያውን ከስልኬ አጠፋሁት።

አሁን ግን ፍርሃት ይዞኛል። እሑድ 67 የነበርኩት ሴትዮ ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ብወጣ 68.4 ሆኜ ተገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራዬን በቅጡ አልሠራሁም፤ መመዝገቢያውን መልሼ ልጭነው ምንም አልቀረኝም ነበር። ካሎሪ ሳትቆጥሩ ክብደታችሁን ለዓመታት የያዛችሁ፣ በምን ያዛችሁት? «ሰውነትሽን አዳምጪ» የሚለውን ምክር ብዙ ሰምቻለሁ። የእኔ ሰውነት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ብዪ ብዪ ይለኛል፤ ልስማው?

የማታ ተጓዥ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን ማክሰኞ እርሺያት። በ2 ቀን 1.4 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልግሽ በላይ ወደ 11 ሺህ ካሎሪ መብላት ነበረብሽ፤ አልበላሽም። የጨመረው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ስንቅም እያንዳንዱ ግራሙ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይወጣል።

እኔ 58 ዓመቴ ነው፤ 12 ኪሎ ከቀነስኩ 6 ዓመት አለፈኝ። በመጀመሪያው ዓመት 4 ኪሎ ተመልሶብኝ ነበር። ምክንያቱን ሳጣራ ገበታ ላይ የምበላው አልነበረም። ልጆች ሰሃን ላይ የተረፈውን፣ ድስት ሥር ቆሜ የምቀምሰውን፣ ቴሌቪዥን እያየሁ የምቆረጥመውን ነበር። ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ተቀምጬ፣ ከራሴ ሰሃን፣ ስልክ ሳልይዝ። የሰሃኔ ግማሽ አትክልት ነው። የቀረው ግማሽ እኩል ይከፈላል፤ አንዱ ባቄላ ወይም ምስር ወይም እንቁላል ወይም ዓሣ፣ ሌላው እህል። ጭማሪ ካማረኝ 20 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሆድ መጥገቡን አንጎል እስኪሰማ ያን ያህል ጊዜ ይወስዳል። ከዚያም በኋላ ከራበኝ እበላለሁ፣ አልከለክለውም። ከእራት በኋላ 40 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ።

መለኪያ የግድ ካልሽ ወገብሽን በሜትር ለኪው። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን መልካም ነው፤ ላንቺ 82 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦

የምሽቱ 4 ሰዓት ነገር ነው ልቤን የነካው። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፦ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ምሳ ምን ትበያለሽ?

የምጠይቅሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። በተከታታይ የሌሊት ተራ በሠራሁባቸው 2 ዓመታት 9 ኪሎ ጨመርኩ፤ ቀን 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የምተኛው። እንቅልፍ ሲያጥር ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ስንቅ አለ ብሎ ለአንጎል የሚናገረው ሌፕቲን ይቀንሳል። ሌፕቲን የታወቀው በ1994፣ ግሬሊን በ1999 እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ከዚያ በፊት ስንት ሰው ሆዳም ተብሎ እንደተሰደበ ሳስብ ያንገበግበኛል። ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ ስቡ ሲያንስ ሌፕቲኑም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ያ ረሃብ እውነተኛ ነው፤ የፈቃድ ድካም አይደለም። አትጣዪው። ቀን ላይ በደንብ ብዪና ማታ የሚለውን እዪው።

ቁጥር ወዳዱ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ቁጥርን ሙሉ በሙሉ መጣሉን አልደግፍም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተመዘኚ፤ ለተከታታይ 4 ሳምንት ከጨመረ ያኔ አስቢበት። የካሎሪውን መዝገብ ግን አትናፍቂው። በአሜሪካ ሕግ እንኳ የአንድ የታሸገ ምግብ ትክክለኛ ካሎሪ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ አያስጠይቅም። የምትዘጊው ድምር የግምት ድምር ነበር።

ይልቅ የታሸገውን ምግብ ራሱን ቀንሺ። በ2019 እንደ አውሮፓውያን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባሳተሙት ጥናት 20 ሰዎች 2 ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ 2 ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ያሻቸውን ያህል በሉ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመሳሳይ ነበር። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ አስበልጠው በሉ፣ ያውም በፍጥነት።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦

ከ10 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ነርሷ እህቴ፣ ጥያቄሽ ያለሁበትን አሳየኝ። ምሳዬ አሁንም የመዝገቡ ዘመን ምሳ ነበር፦ አንድ እንቁላልና ሰላጣ። ሲደመር ያምራል፣ 9 ሰዓት ላይ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። አሁን ምስርና ዳቦ ጨምሬበታለሁ። ከ10ሩ ማታ የምሽቱ ረሃብ የመጣው 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ምሳ ያለፈኝ ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው። ጋሼ፣ የእርስዎን የሰሃን ሕግ ቤት ውስጥ ሁላችንም ይዘነዋል፤ የልጄን ትራፊ መጨረስ ግን ገና አልተውኩም። ሚዛኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ እሑድ ብቻ ይወጣል። ባለፈው እሑድ 67.3 ነበርኩ፤ ሥራዬንም አልነካብኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጄ አሁንም አልፎ አልፎ የምግብ ማሸጊያ አገላብጣ ቁጥሩን ስታነብ አያታለሁ። ዝም ልበላት ወይስ ላነጋግራት?

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦

አነጋግሪያት፣ ግን ስትበላ አይሁን። እኔ ብሆን «ያ የእማዬ ልማድ ነበር፣ ትቼዋለሁ፤ አንቺ የምታድጊ ልጅ ነሽ፣ ሲርብሽ ብዪ» እላት ነበር። ስለ ራስሽ ሰውነትም ፊቷ ክፉ አትናገሪ። ምግብ መቀነስ ወይም ተደብቃ መብላት ከጀመረች ሳትዘገዪ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጃት።