ሰው ፊት መቆም የሚፈራ ተማሪ ፕሬዘንቴሽን ይቅርለት? (ክርክር)

ጥያቄው፦ በክፍል ፊት ወጥቶ መናገር ከልክ በላይ የሚያስጨንቀው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነጥቡ በጽሑፍ ሥራ ይተካለት ወይስ እንደ ሌላው ይውጣ?

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ይተካለት። ፕሬዘንቴሽን ባለበት ቀን ብቻ «አሞኛል» ብሎ የሚቀር ልጅ ሰነፍ አይደለም። የወረቀት ፈተናውን ጥሩ ይሠራል። ለ10 ነጥብ ብለን ከትምህርት ቤት እናስቀረዋለን።

ወላጅ፣ ሞጣ
አልስማማም። ዓይን አፋርነት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፣ በሽታ አታድርጉት። አንድ ሁለቴ ተንተባትቦ ይለምደዋል።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም
ዓይን አፋር ልጅ ሲለምድ ይፈታል። ሕመም የምንለው ፍርሃቱ 6 ወርና ከዚያ በላይ ዘልቆ ትምህርቱንና ጓደኝነቱን ሲያውክ ነው። ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። «ጨዋ ልጅ» እየተባለ ስለሚመሰገን ቤተሰብ ልብ አይለውም።

መምህር ሆይ፣ ፕሬዘንቴሽኑን ጨርሶ ቢያስቀሩለት ለዛሬ እፎይ ይላል፤ ልቡ የሚይዘው ግን «የዳንሁት ስላልወጣሁ ነው» የሚለውን ነው። ነገ እጅ አውጥቶ መጠየቅም ያስፈራዋል። ዝም ብሎ መግፋቱም አያዋጣም። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ደቅኖ፣ መንቀጥቀጡ እንዳይታይ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ቀና ሳይል በአንድ ትንፋሽ አንብቦ የሚቀመጠውን ልጅ እዩት። 20 ጊዜ ቢወጣም አይለምድም፤ ያልሳቁበት ስለተደበቀ ይመስለዋል። ሐሳቡም ሁሉ ድምፁና ላቡ ላይ ነው።

የቅኔ መምህር፣ ደብረ ወርቅ
ለጀማሪ መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ማን ይሰጣል? በ2 ቤቷ (በ2 ስንኟ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እያለ እያለ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚሰማውም የኔታ ነው፤ እየታረመ ሰንብቶ ነው ጉባኤ ፊት የሚቆመው።

ነርሷ
ልክ ነው የኔታ፣ ሕክምናውም በደረጃ ነው። መጀመሪያ በእረፍት ሰዓት ለመምህሩ ብቻ 3 ዓረፍተ ነገር ይናገር። ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቹ፣ ከዚያ ከመቀመጫው ሆኖ ለክፍሉ፣ በመጨረሻ ፊት ወጥቶ ያለ ወረቀት 2 ደቂቃ። እያንዳንዱን 3 ወይም 4 ጊዜ ይድገመው። ከመናገሩ በፊት «ምን ይደርስብኛል?» ለሚለው መልሱን ይጻፍ፣ ሲጨርስ የሆነውን ከጎኑ ያስፍር። ፍርሃቱ ሳይበርድ አቋርጦ ከወጣ ደረጃው ከብዶታል፤ አንድ ዝቅ ይበል።

ወላጁ
ዩኒቨርሲቲ የገቡት ለድፍረት እያሉ አረቄ ይቀምሳሉ። ኪኒን የለውም?

ነርሷ
አረቄው ያችን ሰዓት ያሳልፍለታል፤ በማግስቱ ያለ አረቄ መቆም ያቅተዋል። መድኃኒትስ አለ፣ እነ ሰርትራሊን፤ ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ በራስ ፈቃድም በድንገት አይቋረጥም። በተለይ ወጣት ሲጀምረው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሐኪሙ ዓይን መራቅ የለበትም።

መምህሩ
እንግዲያው ሐሳቤን ላሻሽል፦ አይቅርለት፣ ነጥቡ ግን ለአንደበቱ ሳይሆን ለወጣው ደረጃ ይያዝለት። በድንገት ስም ጠርቶ ማስነሳትም ይቁም፤ ተራው ቀደም ብሎ ይነገረው።

ወላጁ
የሌላው ልጅ ወላጅ «ለምን ተለየ?» ቢልስ?

መምህሩ
አይለይም፤ ደረጃው ለክፍሉ በሙሉ ይከፈት። ደፋሩ በመጀመሪያው ሳምንት ያልፈዋል። የሚያሳስበኝ ክፍሉ 60 ተማሪ ሲሆን ያን የእረፍት ሰዓት ከየት እንደምናመጣው ነው።