የተጣሉ የጋሪ ፈረሶች፦ ማዘጋጃ ቤት ይሰብስባቸው ወይስ ባለቤቱ ይጠየቅ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ባጃጅ ጋሪን ከአስፋልት እያስወጣ ነው። እንደ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ያረጀ ወይም የቆሰለ ፈረስ መንገድ ላይ መጣሉ ተለምዷል። ምን ይደረግ?

ዳማ፦ በረት ይሠራና ይሰብሰቡ። ባለቤቱ ቅጣቱንና የመኖውን ከፍሎ ይውሰድ። ሕጉ እንደሆነ አለ፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ማታ አስፋልት ላይ የቆመ ፈረስ ቀላል ነገር አይደለም። እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪና ሲገጨው ገላው መስታወቱን ሰብሮ ሾፌሩ ላይ ነው የሚወድቀው።

ቦራ፦ ወንድሜ ዳማ፣ ማን መጥቶ ሊከፍል? በሬ ቢሆን ባለቤቱ ሮጦ ይመጣል፣ ሥጋው ብር ነው። የፈረስ ሥጋ እኛ ዘንድ አይበላም፣ መሥራት ያቃተው ፈረስ ገዢ የለውም። ቅጣቱ ከፈረሱ ዋጋ ከበለጠ «የኔ አይደለም» ይላል፣ አለቀ። ሌላው ደግሞ ሲመሽ ልጓሙን ፈትቶ ከከተማው ዳር ለጅብ ይለቀዋል። ወጪውንም አስሉት፦ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽና ቢያንስ 20 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ሠላሳ ፈረስ ከገባ በየቀኑ እስከ 180 ኪሎ ድርቆሽ ነው። ከየትኛው በጀት?

አምባላይ፦ ወደ ውጭ ለሚልክ ቄራ ይሸጡ የሚል ሰው ይኖር ይሆን?

ቦራ፦ የቢሾፍቱው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በነዋሪው ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። ለፈረስማ ጭራሽ አይሞከርም።

ጉራቻ፦ እንደ እንስሳት ሐኪም የምፈራው በረቱን ራሱን ነው። ከሚጣሉት ብዙዎቹ ኤፒዞቲክ ሊምፋንጃይተስ የያዛቸው ናቸው፤ እግርና ደረት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰድሮ የሚወጣ፣ ፈንድቶ መግል የሚያፈስ እብጠት። መነሻው ፈንገስ ነው። በቁስል ይገባል፣ በዝንብና በጋራ ማሰሪያ ይዛመታል። ገና ሁለት ሦስት እብጠት ሳለ በአዮዲን ይታከማል፤ እግሩ ካበጠና ከደነደነ በኋላ ግን ልፋት ነው። ስለዚህ ቁስል ያለው ለብቻው ይታጠር፣ ገመዱና ባልዲው ከሌላው ጋር አይቀላቀል።

ሁለተኛው ስህተት መኖ ላይ ነው። አጥንቱ የወጣ ፈረስ ሲመጣ ሰው አዝኖለት ገብስና ፉርሽካ ይደፋለታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ የሚሞተው በዚያ ነው። በርሃብ የደከመ ሰውነት ድንገት የገባውን እህል አይችለውም፣ የደሙ ማዕድን ይዛባል፣ ልቡ ይቆማል። ጥሩ ድርቆሽ ወይም አልፋልፋ፣ በየአራት ሰዓቱ ከግማሽ ኪሎ ሳይበልጥ፣ ቀስ እያሉ መጨመር። እህሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደርሳል።

አምባላይ፦ ዶክተር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ከተጣለ በኋላ የሚሠራ ነው። ዋናው ጉድለት ሰሌዳው የሚለጠፈው ጋሪው ላይ መሆኑ ነው። ፈረሱ ተፈትቶ ሲለቀቅ ቁጥሩ ከጋሪው ጋር ቤት ይቀራል። ፈቃድ ሲታደስ ቁጥሩ በጋለ ብረት ሰኮናው ላይ ይተኮስ። የሰኮናው ውጫዊ ክፍል ሕመም አይሰማውም። በወር 8 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ ስለሚወርድ ምልክቱ በዓመት ገደማ ይጠፋል፣ ዕድሳቱም በዓመት ነው።

ቦራ፦ በሞረድ ፍቀው ያጠፉታላ!

አምባላይ፦ ይፍቁት። የተፋቀ ሰኮና በዓይን ይታያል፣ ቁጥር የሌለው ፈረስ ደግሞ ጋሪ እንዳይጎትት ይከልከል። ቅጣቱ ከፈረስ ወደ ፈቃድ ይዙር ነው የምለው። አንድን ፈረስ ሦስት ዓመት ያስመዘገበ ባለጋሪ፣ በአራተኛው ዓመት ሌላ ፈረስ ይዞ ሲመጣ «የፊተኛውስ የት ገባ?» ተብሎ ይጠየቅ። የሞተ ከሆነ የቀበሌ ወረቀት ያምጣ።

ዳማ፦ ይህን እቀበላለሁ። የማይድኑትስ?

ጉራቻ፦ በሰላም መሸኘት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ግን አፈጻጸሙ ይታይ። በፔንቶባርቢታል፣ ማለትም ያለ ሥቃይ በሚገድለው መርፌ፣ የሞተ ፈረስ ሜዳ ላይ ከተጣለ ጥንብ አንሳውም ውሻውም ይመረዛል፤ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ርቆ፣ 2 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ይቀበር። መድኃኒቱ ካልተገኘ የሰለጠነ ሰው በጥይት፣ ፖሊስ ባለበት። ያለ ቆፋሪና ያለ መኪና ዘመቻ የሚያውጅ ማዘጋጃ ቤት ሬሳ ብቻ ነው የሚያበዛው።

ቦራ፦ ባለቤቱ ያልታወቀን ፈረስ ለመግደልስ ማን ይፈርማል? ከሳምንት በኋላ ሰው «ፈረሴን ገደላችሁ» ብሎ ከከሰሰ የሐኪሙ ፊርማ ብቻ አያድንም። ማስታወቂያ ለስንት ቀን ይለጠፍ፣ በሐኪሙ ላይ ማን ይጨመር፣ ይህ በከተማው ደንብ ካልተጻፈ እኔ ሐኪም ብሆን አልፈርምም።