የማን ገበና ነው? (ስለ ቆሼው ዘጋቢ ፊልም)

የአየር ጤና ልጅ፦ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መድፊያ ስለ ቆሼ ቤተሰቦች የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም ትናንት አይቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ስነሳ «ፊልሙ ገበናችንን አደባባይ አወጣው» የሚል አስተያየት አነበብኩ። የማን ገበና? ያቺ እናት ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዛ ቆሻሻ ጫኝ መኪናውን ስትከተል የምትውለው ልጆቿን ለማብላት ነው። እሷ ምን አሳፋሪ ነገር ሠራች?

ስደተኛው፦ ገበና ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላነሳም። ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ኢትዮጵያዊ ነኝ ባልኩ ቁጥር ሰው የሚያነሳብኝ የ77ቱን ረሃብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ሥዕል ጋር ስታገል ኖርኩ። ድህነት የለም አላልኩም። ገበና ግን በቤት ውስጥ ይመከርበታል።

መምህርቷ፦ መቼ ተመከረበት? ከተማው ቆሻሻውን እዚያ ከ50 ዓመት በላይ ሲደፋ ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ከዚያ ወደየሥራችን ተመለስን። በቤት ውስጥ የተመከረው ይኸው ነው።

ታዛቢ፦ ፊልሙ ሰንዳፋን ለምን ዘለለው? ከከተማው ውጭ እዚያ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ ሥራ ጀምሮ ነበር። ገበሬዎቹ ሲቃወሙ በ2008 ተዘጋና ጭነቱ ወደ ቆሼ ተመለሰ። ተራራው የተናደው ከዚያ በኋላ ነው።

የአየር ጤና ልጅ፦ ስለዚህ ጥፋተኛው ገበሬው ነው? በእርሻህ አጠገብ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ቢደፉብህ እሰየው ትላለህ?

ታዛቢ፦ ገበሬው አጠፋ አላልኩም! ያላልኩትን አትጨምርብኝ። ታሪኩ ይሟላ ነው ያልኩት።

የቆሼ ልጅ፦ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው። የሆቴል ጭነት የሚመጣበትን ሰዓት ከትምህርት ቤት ደወል ለይቼ አውቅ ነበር። ሃይላንዱን በጆንያ ሞልተን ለቆራሌው እንሸጣለን፤ ደብተሬ የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ምስኪኖች» ስትሉን ያመኛል፤ ሠራተኞች ነበርን። ግን ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የተጣለ ዳቦ የሚበላው ሕፃን ፊቱ ለምን ታየ? ነገ የክፍል ጓደኞቹ ምን ይሉታል? ገበና ካላችሁ ገበናው የእሱ ነው።

ስደተኛው፦ እኔስ ያልኩት ይህንኑ አይደለም?

የቆሼ ልጅ፦ አይደለም ጋሼ። እርስዎ ያሰቡት ተሳፋሪዎ ስለ አገርዎ ስለሚለው ነው። እኔ የማስበው ስለ ልጁ ነው። ሁለቱን አያገናኟቸው።

ስደተኛው፦ የሰው አገር ስትኖር ታየዋለህ ልጄ። እዚያ አገርህ ማለት ፊትህ ነው።

መምህርቷ፦ የቆሼ ልጅ፣ ያልከው ልቤን ነክቶታል። ግን ቆሻሻ የሚያቃጥለው የኃይል ማመንጫ በ2010 ሲመረቅ ካሜራው የቀረጸው ሪባን ሲቆረጥ ነበር፤ ለቃሚዎቹን ማን አስታወሳቸው? የልጁ ፊት ባይታይ ስለ እነሱ ዛሬ እንነጋገር ነበር?

የቆሼ ልጅ፦ የእርስዎ ልጅ ቢሆን ፊቱ እንዲታይ ይፈቅዳሉ?