«ፐርሰናል ሪፕረዘንታቲቭ»ን ምን እንበለው? እንደራሴ ወይስ ውርስ አጣሪ?

ሰሎሜ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ያለች አክስቴን፣ ባሏ ሲያርፍ እዚያ ያለው ፍርድ ቤት የንብረቱንና የዕዳውን ጉዳይ እንድትጨርስ «ፐርሰናል ሪፕረዘንታቲቭ» አድርጎ ሾማት። ወረቀቱን አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦቹ ስተረጉም «የግል ተወካይ» አልኩት። የሟች እህት ደውላ «ማን ወከላት? እኛ መቼ ፈረምን?» ብላ ጮኸችብኝ። ትክክለኛው ቃል ምንድን ነው?

የዜማው ልጅ፦ እንደራሴ በይው። ራስ ተፈሪ ለንግሥት ዘውዲቱ እንደነበሩት። ግእዙ «ከመ ርእስየ» ነው።

ቀለም ቆጣሪ፦ የኔታ፣ ዘውዲቱ እኮ በሕይወት ነበሩ! ሙት «እንደ ራሴ» አይልም።

የዜማው ልጅ፦ በኑዛዜ ብሎ ቢሞትስ?

ቀለም ቆጣሪ፦ ያኔ እሺ። ኑዛዜ ከሌለ ግን የመረጣት ዳኛው ነው። እንደራሴነቷ ለዳኛው ሊሆን ነው 😄

ችሎት፦ በእኛ ፍርድ ቤት የሚባለው «የውርስ አጣሪ» ነው። ኑዛዜ መኖሩን ይፈልጋል፣ ወራሾቹን ይለያል፣ ንብረቱን ቆጥሮ ይጠብቃል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ የተረፈውን ለክፍፍል ያቀርባል። ንብረቱን ተረከበ ማለት ወረሰ ማለት አይደለም። «ተወካይ» ግን አይሆንም፤ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል።

ቀለም ቆጣሪ፦ አጣሪ ከ«ጠራ» ነው፤ ባለዕዳውንም ወራሹንም ስለሚጠራ።

የዜማው ልጅ፦ ኧረ በስመ አብ! መጥራት ግእዙ ጸውዐ ነው። አጣሪ ከጸረየ፣ ጽሩይ ከሚለው ነው። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ጸ ወደ ጠ ዞሯል። እንደ ዘይት ነው፣ አተላው ተለይቶ ንጹሑ ይወርዳል።

ቀለም ቆጣሪ፦ «ከደጅ ተጣራ» ሲባልስ? ዘይት ሆነ?

የዜማው ልጅ፦ እኔ ቅኔ ቤት ስገባ አንተ ፊደል አልቆጠርክም።

ሰሎሜ፦ ይቅርታ፣ እኔ ዛሬ ማታ ወረቀቱን መላክ አለብኝ። «የውርስ አጣሪ» ብል እህትየዋ ትረጋጋለች?

ችሎት፦ አትረጋጋም። በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም፤ የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው የምታነሳው። ሜሪላንድ ግን ሚስት ትወርሳለች። የሴትዮዋ ፍርሃት ቃሉ ላይ አይደለም። በነገራችን ላይ አጣሪ ከዕዳው ሁሉ በፊት የሚከፍለው የቀብር ወጪ ነው። ተዝካር ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

የዜማው ልጅ፦ ምን? ተዝካር አይቆጠርም? ዘከረ ማለት አሰበ ነው! ሟቹን ካላሰባችሁ ምኑን ነው የምታጣሩት?

ቀለም ቆጣሪ፦ አይዞህ የኔታ፣ አበዳሪው ሲዘክረው ነው የሚያድረው።