የሚንገዳገድ ሄጅሆግ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ውድ አባላት፣ ለማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተወያይተን እናብስለው። በአሜሪካ የእንስሳት ክሊኒኮች የምንሠራ ሁሉ የምናውቀው ነገር ነው፤ የኋላ እግሩን መቆጣጠር ያቃተው ሄጅሆግ (ጃርት መሰሉ ትንሽ ባለ እሾህ እንስሳ) ሲመጣ ባለቤቱ ገና ሳይቀመጥ «ዎብሊ ሄጅሆግ ሲንድሮም ይዞታል» ይለናል፤ ሄጅሆግን የሚያንገዳግድ የነርቭ ሕመም ነው። ሕመሙ ፈውስ የለውምና ስሙ ከተጠራ በኋላ ምርመራው እዚያው ይቆማል። ረቂቄ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሁላችንም የምንሞላው አንድ ዓይነት የምርመራ ቅጽ፣ እንዲሁም ለሞቱት የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ምርመራ የሚውል አነስተኛ ገንዘብ። ሳትራሩ አርሙት።

አንጋፋው ሐኪም፣ ሜሪላንድ፦
ደብረ ዘይት ስንማር ስለ ከብት፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ እንጂ ስለዚህ ፍጥረት ያነሣልን ሰው አልነበረም። እንስሳው ግን ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ እዚህ በየቤቱ የሚረባው ባለ አራት ጣቱ ሄጅሆግ የተፈጥሮ ክልሉ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ይደርሳል።

ወደ ረቂቁ ልመለስ። ሕመሙ ምን እንደሆነ መግቢያው አይናገርም፤ ጉባኤው ላይ ደግሞ የፈረስና የውሻ ሐኪሞችም ይኖራሉ። ስለዚህ በአጭሩ ይጻፍላቸው። የነርቭ ሽፋን እየተበላሸ፣ ነጩ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ክፍል ቀዳዳ በቀዳዳ የሚሆንበት ሕመም ነው፤ ኢንፌክሽን የሚተወው ዓይነት የእብጠት ምልክት አይታይበትም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይጀምራል። እንስሳው መጀመሪያ ራሱን እንደ ኳስ መጠቅለል ያቅተዋል፣ ከዚያ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ድክመቱም ወደ ፊት እየወጣ በወራት ውስጥ ሽባ ያደርገዋል። በሰሜን አሜሪካ ካሉት የቤት ሄጅሆጎች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። መንስኤው በውል አልተለየም፤ በዘር ሐረግ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ውርስን ያመለክታሉ። የዛሬዎቹ የቤት ሄጅሆጎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ከአፍሪካ የመጡት ዝርያዎች መሆናቸውንና አዲስ ደም እምብዛም እንዳልገባባቸው ለሚያስብ ሰው ይህ አይደንቅም።

ዋናው ዐረፍተ ነገር ግን ይህ ይሁን፦ እንስሳው በሕይወት እያለ ሕመሙን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። «ይዞታል» ማለት አንችልም፤ «እንጠረጥራለን» ነው የምንለው።

የክሊኒክ ረዳት፣ ሚኒሶታ፦
ዶክተር፣ ባሉት እስማማለሁ። የእኔ ቅሬታ በቅጹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የመጀመሪያው መስመር የደም ምርመራ ነው፤ ለምን? የመጀመሪያው መስመር ሙቀት ይሁን። እኛ ዘንድ በጥር ወር ከሚመጡት ተንገዳጋጆች ብዙዎቹ የሚበርዳቸው ናቸው። ሄጅሆግ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፤ ክፍሉ ከ18 በታች ሲወርድ ደንዝዞ ይተኛል፣ ሲነቃም እንደ ሰካራም ይራመዳል። ሆዱን በእጅ መንካት ይበቃል። ከቀዘቀዘ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ የሞቀ ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ማሞቂያ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ አይገባም። ሞቆ በደንብ ከሄደ የነርቭ ምርመራ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ የሚያስፈልገው ማሞቂያና ቴርሞሜትር ነው።

ሁለተኛው መስመር ቪዲዮ ይሁን። ክሊኒክ ሲገባ ይጠቀለላል፣ አንድ እርምጃ አይራመድልንም። ባለቤቱ ማታ ቤቱ ሲዞር በስልኩ ቀርጾ ያምጣልን።

ሐኪም፣ ቨርጂኒያ፦
ቪዲዮውን አጥብቄ እደግፋለሁ። የነቃ ሄጅሆግን የነርቭ ምርመራ ማድረግ በተጨበጠ መዳፍ ውስጥ ያለ ሳንቲም እንደ መቁጠር ነው። ቅጹ ላይ «በአይሶፍሉሬን ማደንዘዣ ሥር» የሚል ንዑስ ክፍል ይግባ፤ ጆሮውን፣ አፉን፣ ጥፍሮቹን ማየት፣ ደም መውሰድና ራጅ ማንሣት የሚቻለው ያኔ ነው። በጣቱ ላይ ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞበት የሚያነክስም አለ፤ ሳቅ አይምጣባችሁ፣ የተለመደ ነገር ነው።

መታከም የሚችሉት ምክንያቶች በስማቸው ይዘርዘሩ። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚዞር ከሆነ የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ይታሰብ፤ ይህ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይፈልጋል። የአከርካሪ ዲስክ መጎዳት በአንገትም በወገብም ይከሰታል፤ የኋላ እግር ድክመቱ ከዎብሊ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፣ ራጅ ላይ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ለእርሱ ዕረፍትና እንደ ሜሎክሲካም ያለ የሕመም ማስታገሻ ይረዳል። ከመጠን በላይ የወፈረ ሄጅሆግ ምግብ ሲያቆም ጉበቱ በስብ ይሞላና አንጎሉን ይረብሻል። ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ ዕጢ አይረሳ፤ ይህ እንስሳ በካንሰር የሚጠቃበት መጠን ያስደነግጣል፣ የአንጎል ዕጢም ዎብሊ ተብሎ የተቀበረበት ጊዜ አለ።

ኤም.አር.አይ.ን (በመግነጢስ የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ግን ከግዴታ ዝርዝሩ አውጡት። ቢገኝ መልካም ነው፤ 400 ግራም ለሚመዝን እንስሳ ያን ያህል ወጪ የሚችል ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ወጪ ከተነሣ አይቀር እኔም ልናገር። በሕይወት ላለው የሚከፈለው ይገባኛል። ለሞተው ማኅበሩ የሚከፍልበትን ምክንያት ግን ጉባኤው ይጠይቀኛል፤ መልሱ በጽሑፍ ይኑረኝ።

አንጋፋው ሐኪም፦
መልሱ ቀላል ነው ወንድሜ። ሕመሙ የሚረጋገጠው በአጉሊ መነጽር ሥር ብቻ ነው። ያ ውጤት ከሌለን በሕይወት ሳለ የሰጠነው ግምት ስንት ጊዜ ትክክል እንደነበር አናውቅም፤ አርቢውም የትኛውን ቤተሰብ ማራባት ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ገንዘቡ ለሞተው አይደለም፣ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ነው።

የክሊኒክ ረዳት፣ ሚኒሶታ፦
እባካችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ በጉልህ ይጻፍ፦ የሞተውን ሄጅሆግ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። ባለቤቶች ለአክብሮት ብለው ያደርጉታል፣ በረዶው ግን ሕብረ ሕዋሱን ያበላሸዋል። በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል አድርጎ በቶሎ ማምጣት ነው። እኛም አንጎሉንና ሕብለ ሰረሰሩን በሙሉ ፎርማሊን (ሕብረ ሕዋስ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ እናስቀምጥ፤ አንጎል ብቻ መላክ በቂ አይደለም።

ተጋባዥ አሳዳጊ፣ ቨርጂኒያ፦
ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ሄጅሆግ አርብቼ አውቃለሁ። ቅጹ የአርቢውን ስም ከጠየቀ አርቢዎች አይተባበሯችሁም፤ ስማችን በአደባባይ ይጠፋል ብለው ይሸሻሉ። በስም ፈንታ የቤተሰብ ቁጥር ይሰጥ፣ የወላጆቹና የወንድም እህቶቹ ቁጥር ከእርሱ ጋር ይያያዝ። ሌላው ደግሞ፣ ረቂቁ ስለ ምርመራ ብዙ ብሎ ስለ እንክብካቤ አንድ መስመር ብቻ አለው። «ፈውስ የለም» ከተባልን በኋላ ቤት ገብተን ምን እናድርግ? ገበያው ላይ ቫይታሚን የሚሸጥልን ሞልቷል።

ሐኪም፣ ቨርጂኒያ፦
ትክክል ነዎት። የትኛውም ቫይታሚን ይህን ሕመም እንዳቆመ ማስረጃ የለም፤ ይህ በግልጽ ይጻፍ፣ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያፍስስ። የሚረዳው ሌላ ነው፦ የማይንሸራተት ለስላሳ ምንጣፍ፣ የሚሮጥበትን መንኮራኩር ማንሣት፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ የምግብና የውኃ ሳህን፣ መቆም ሲያቅተው በፎጣ ደግፎ በእጅ ማብላት፣ ሽንት ቆዳውን እንዳያቃጥለው ሆዱን ማጠብ። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘን። መብላትና መዋጥ ሲያቅተው ያለ ስቃይ ስለ ማሳረፍ መነጋገር ይገባል፤ ይህን ውይይት እኛ እንጀምረው እንጂ ባለቤቱ እንዲጠይቀን አንጠብቅ።

አባል፣ ካሊፎርኒያ፦
እዚህ ሄጅሆግ ማሳደግ በሕግ ክልክል ስለሆነ ከእኔ ቅጽ አትጠብቁ። የቤት አድራሻ የሚጠይቀው መስመር ግን ለምን አስፈለገ? ክሊኒኩ ከታወቀ ይበቃል።

ጸሐፊዋ፦
የአድራሻው መስመር ወጥቷል። የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ማኅበሩ፣ የሚንገዳገድ ሄጅሆግ ሁሉ በቅድሚያ በሙቀት፣ በቪዲዮና በክብደት፣ ቀጥሎም በማደንዘዣ ሥር በጆሮ፣ በራጅና በደም እንዲመረመር ይስማማል። እነዚህ ሳይታዩ ዎብሊ የሚለው ስም በመዝገብ አይሰፍርም፤ ከታዩም በኋላ ‹ተጠርጣሪ› ተብሎ ይጻፋል። ቅጹ በየወሩ ይታደሳል። ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ሲሞት አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ በማኅበሩ ወጪ ይመረመራል፤ ውጤቱ በቤተሰብ ቁጥር ይመዘገባል።»

የእንክብካቤው ክፍል ለባለቤቶች የሚሰጥ የተለየ ገጽ ይሆናል፤ ቨርጂኒያዎቹ ሁለታችሁ አብራችሁ ብትጽፉት ደስ ይለኛል።

ገንዘብ ያዥ፦
«በማኅበሩ ወጪ» የሚለው ላይ ገደብ ይግባበት። ለመጀመሪያው ዓመት ስንት ናሙና? ቁጥሩን ካልነገራችሁኝ በጀት አልሠራም።

አንጋፋው ሐኪም፦
በዐሥር እንጀምር። ከመፈረማችን በፊት ግን ናሙናው የሚላክበትን ቤተ ሙከራ ዋጋ እኔ እጠይቃለሁ፤ ከዐርብ በፊት አሳውቃችኋለሁ።